ድንጋጤ ዋጩ ወንበር

ስህተቱ የጀመረው ከስሙ ነው። ወንበሩ በሣጥን ታሽጎ ወደ መፈተሻ ክፍላችን ሲመጣ መመሪያውን የተረጎመልን የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ፣ እኛ «መዝገበ ቃላት» የምንለው፣ «ሾክ» የሚል ቃል ባገኘ ቁጥር «ድንጋጤ» እያለ አለፈ። እናም ፈጣን ጀልባ ከማዕበል ጫፍ ዘሎ ውሃ ላይ ሲያርፍ የሚመጣውን ምት ከነጂው ወገብ ላይ እንዲያበርድ የተሠራው ወንበር፣ በወረቀት ላይ «ድንጋጤ ዋጭ ወንበር» ሆኖ ቁጭ አለ። እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ያስቃል። «ወንበሩ ከባድ ድንጋጤን ያለ ድምፅ ይውጣል።» «የተዋጠው ድንጋጤ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል።» «ድንጋጤው ወደ ተቀማጩ እንዳይመለስ የመልሱ ቫልቭ ጠብቆ ይዘጋ።»

ቢሮው ድረስ ሄጄ፣ ይሄ የውሃ ምት እንጂ የልብ ድንጋጤ አይደለም፣ አስተካክለው ብዬ ለመንኩት። መዝገበ ቃላት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እንደ ሕፃን አየኝ።

«አንቺ፣ ሾክ ሆንኩ ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?»

«ደነገጥኩ ማለቴ ነው።»

«ታዲያ ከእኔ ጋር ምን ያጣላሻል?»

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ትርጉሙን ሲያነቡ ዓይናቸው በራ። ሕዝብ የሚገባው ቋንቋ ይሄ ነው አሉና ቀለም ቀቢ አስጠሩ። ብዙም ሳይቆይ ከክፍላችን በር በላይ፣ ከወደቡ ማዶ እንዲነበብ ሆኖ፣ «የድንጋጤ ዋጭ ወንበር መፈተሻ» ተብሎ ተጻፈ። ዕድሜ ለመዝገበ ቃላት፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ምሕንድስና ተምሬ የጠንቋይ ቤት በሚመስል በር መግባት ጀመርኩ።

ክፍሉ የተከፈተበት ምክንያት ግን አያስቅም። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ የነፍስ አድን ጀልባ ነጂ ነው። አጠገቡ ይቀመጥ የነበረው የሥራ ጓደኛው «ቀጭኑ» ይባል ነበር፤ ጎኑን ሰጥቶ ከቆመ አይታይም እየተባለ የሚቀለድበት፣ ከወንድሜ ጋር ከአንድ ጎድን የተሠራ የሚመስል ሰው። አንድ ቀን የወደቡ አፍ ላይ ጀልባው ከማዕበል ዘሎ ሲያርፍ የቀጭኑ አንገት ተሰበረ። የድሮው ወንበር በብረት ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ ነበር። ቀጭኑ በቀበቶው እንደታሰረ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ቀረ። ጋሼ ራሱን የሳተ መስሎት እስከ ወደብ ድረስ ሲያወራው መጣ። አይዞህ ይለዋል፣ ደርሰናል ይለዋል፣ ነቅተህ ካልሰደብከኝ አንጣላም ይለዋል። ሐኪሙ ቀበቶውን ፈትቶ ሲያየው ሞቶ ቆይቷል። ወንድሜ መንገዱን ሙሉ ከሬሳ ጋር ሲጫወት እንደመጣ ያኔ ገባው።

ከዚያ ወዲህ ቀልቡ ተገፈፈ። በር ሲንጓጓ ከወንበሩ ይነሳል፤ ማንኪያ ሲወድቅ ልቡን ይይዛል። ጀልባ ላይ ሲሆን ደግሞ ማዕበል በመጣ ቁጥር እጁ ሳያዘው ከጋዙ እጀታ ላይ ይነሳል፤ ጀልባው ቀስ ይልና ማዕበሉን እንደ ዳክዬ ተቀምጦበት ያልፋል። ባልደረቦቹ ከኋላው «ፍሬኑ መጣ» ይሉታል። እሱም ይሰማል።

እኔ የምሠራው ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። ወንበሩ «ማማው» በምንለው ረጅም የብረት ቋሚ ላይ፣ በሁለት ሐዲዶች መካከል ቆሟል። በዊንች ሽቅብ ይሳባል፣ መንጠቆው ይለቀቃል፣ ይወድቃል። ላዩ ላይ የሚቀመጠው ቱታ ለብሶ ሆዱም እግሩም የአሸዋ ከረጢት የሆነ ፍጡር ነው፤ «አቶ አሸዋ» እንለዋለን። አንድ መለኪያ ከወንበሩ በታች፣ አንድ መለኪያ ከአቶ አሸዋ መቀመጫ ሥር አለ። የታችኛው ጀልባው ምን ያህል እንደተመታ ይናገራል፤ የላይኛው ሰውየው ላይ ምን እንደደረሰ። በመካከል የጎደለው ወንበሩ የበላው ነው። ሞላው፣ ጥምዝምዙ ብረት፣ ምቱን ይቀበላል፤ ከጎኑ ያለው ዘይት የሞላበት ሲሊንደር ያፍነዋል፤ ሞላው ሰውየውን መልሶ እንዳያፈናጥር የመልሱን ቫልቭ በካቻቢቴ ጥርቅም አድርጌ እዘጋለሁ።

የመጀመሪያው እንግዳ ዘበኛችን ነበር። ከውሻ ጋር የቆየ ጠብ አለበት፤ የወደቡ ውሾችም ያውቃሉ። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ፣ ቆቡን አውልቆ፣ እንደ ሐኪም ቤት ተራ እየጠበቀ ቆመ። ሊቀልድብኝ የመጣ መስሎኝ አቶ አሸዋን አወረድኩና አስቀመጥኩት፤ ከጉልበት ከፍ አድርጌ ለቀቅኩት። ወንበሩ እፍ አለና ተቀበለው። ዘበኛው ሱሪውን አራግፎ፣ አመስግኖኝ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ውሾች ጥርሳቸውን አግጥጠው ሲመጡበት በመካከላቸው እንደ ምሰሶ አልፎ ሄደ። ውሾቹም ደንግጠው ቀሩ።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። የምግብ ቤቷ ሴትዮ ለአይጥ ፍርሃቷ ብላ መጣች። መዝገበ ቃላት ራሱ፣ ሚስቱ ስልኩን ስትከፍት የሚይዘውን ነገር ለማስለቀቅ መጣ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ምሳ በወጣበት ሰዓት በሩን ዘግተው፣ «እንግዲህ ለሥራው ስንል» ብለው ተቀመጡ። ከላይ ሲደወል ተነስተው ቆመው ነበር የሚያነሱት፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ እስኪደክመው ሲጮህ አጠገቡ ጥፍራቸውን ይቆርጡ ጀመር። እኔ በሆዴ ሳቅሁ። ሰው በቀለም ተጽፎ ካየ የማያምነው ነገር የለም አልኩ። እኔ አልተቀመጥኩም፤ መለኪያውን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

ጋሼ ግን ለድንጋጤ ብሎ አልተቀመጠም። የባሕር ሙከራውን የሚያደርግ ነጂ እሱ ስለነበር ወንበሩን ከማማው ነቅለን ጀልባው ላይ አሰርንለት፤ ሰዎች ከተቀመጡበት በኋላ መሆኑ ነው። ማለዳ ወጥቶ እኩለ ቀን ሳይሞላ ሲመለስ ፊቱ እንቅልፍ እንደጠገበ ሰው ለስልሷል። ጀልባ ጠጋኞቹ አንድ ቆርቆሮ ከጀርባው ሲጥሉ እኔ ዘለልኩ፤ እሱ አልዞረም። ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

ደስታዬን የወሰደችው ሚስቱ ናት። ስቅታ ይዞታል፣ አልለቅ ብሎታል ብላ አስጠራችኝ። ቤታቸው ስደርስ ጋሼ ሶፋው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ በየመሐሉ ስቅ እያለው፣ በሰላም ያነብባል። ሚስቱ ወጥ ቤት ወስዳኝ ያደረገችውን ሁሉ ዘረዘረችልኝ። ውሃ አጠጥታዋለች። ስኳር አቅምሳዋለች። ትንፋሹን አስይዛዋለች። ከዚያ ስቅታ የሚለቀው በድንጋጤ ነው ብላ የድስት ክዳን ከጆሮው ሥር አጋጨች፤ ክዳኑ እንዳይጣመም ጠንቀቅ በይ አላት። መጨረሻ ላይ ምንም ሲያቅታት እኔ በመኪና አደጋ እንደሞትኩ ነገረችው።

«ምን አለ?» አልኳት።

«የት ጋ ነው የገጫት አለኝና ስቅ አለው።»

ማልቀስ ጀመረች። የሞትኩት እኔ፣ የማባብለው እኔ። ወደ ሳሎን ስንመለስ አጠገቡ ቁጭ አልኩና እንደ ቀልድ፣ ማነው እንዲህ ሌት ተቀን የሚያነሳህ አልኩት። ስቅ ሲለን የሆነ ሰው ስማችንን እያነሳ ነው ስንባል አይደል ያደግነው።

«ቀጭኑ ነዋ» አለኝ፣ ገጹን እየገለጠ። «ከጠዋት ጀምሮ ይጠራኛል። ሥራ የለውም መሰለኝ።»

የጎረቤት ሰላምታ እንደሚያደርስ ሰው ነበር ያለው። ሚስቱ ክንዴን ስትጨብጠኝ ጥፍሯ ተሰማኝ።

በማግሥቱ ወንበሩን ለፍተሻ ወደ ማማው መለስኩት። መለኪያዎቹን አስሬ፣ አቶ አሸዋን ሳላስቀምጥ ስክሪኑን ከፈትኩ። ባዶ ወንበር ቀጥ ያለ መስመር መስጠት አለበት፤ ሰጠኝም። ከዚያ ውጭ ውሻ ጮኸ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ። ከወለሉ የመጣ ንዝረት ነው ብዬ የወንበሩን እግር አጠበቅኩ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስልክ ጮኸ፤ ወንበሩ በቁሙ ብድግ አለ፣ ልክ እንደ እሳቸው። ቀልድ የሚሠራብኝ ሰው ካለ ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ማንም የለም። ያኔ አንዲት ታንኳ ከደጅ ስታልፍ ውሃው የግድግዳውን ሥር መታ አደረገው። ወንበሩ ታች ድረስ ሰመጠ፤ ሞላው እስከ መጨረሻው ተጨምቆ፣ አገጩን ደረቱ ላይ እንደጣለ ሰው ጎብጦ፣ አልመለስ አለ። እጄን ሲሊንደሩ ላይ ብጭን ትኩስ ነበር። ማንም ሳይቀመጥበት፣ ማንም ሳይጥለው።

ክው አልኩ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ መደንገጥ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ስለቀረሁ የሁሉንም ድርሻ ደነገጥኩ።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ አብሬው ወጣሁ። ከፊት ጋሼ ወንበሩ ላይ፣ ከጎኑ በቀጭኑ ቦታ ለክብደት ያሰርነው አቶ አሸዋ፣ ከኋላ እኔ መለኪያዬን ታቅፌ። የወደቡን አፍ ስንደርስ ማዕበሉ ብቅ አለ። የጋሼን እጅ አየሁት። ከጋዙ ላይ አልተነሳም። ጀልባው ዘለለ፤ ወረደ፤ ጥርሴ ከጥርሴ ተጋጨ። እንደገና ዘለለ። የላይኛው መለኪያ የሚያምር ቁጥር ይሰጠኛል፤ ወንበሩ ምቱን ሁሉ ይበላል፣ የጋሼ ወገብ አልጋ ላይ እንዳለ ነው። የታችኛው መለኪያ ግን ያብዳል። ወንበሩ የሰውን ወገብ እንጂ የጀልባውን ሆድ አያድንም። ከእግሬ ሥር የሆነ ነገር ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ጋሼ ደግሞ ወደ ጎን ዞሮ አቶ አሸዋን ያዋራል።

«ወፈርክ እኮ» ይለዋል። «ሰው ሞቶ ይወፍራል?»

ትንሽ ጠብቆ ሳቀ፤ መልስ ሰምቶ እንደሚስቅ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ሙታን ከእኛ የሚርቁት ስለምንፈራቸው ነው። የማይፈራ ሰው ሲያገኙ ጎኑ መጥተው ይቀመጣሉ።

ወደብ ስንገባ የጀልባውን ሆድ ገልብጠን ስንጥቁን አሳየሁት። አጎንብሶ በጣቱ ተከተለውና፣ «ይጠገናል» አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ጀልባው ለሁለት ይከፈልና ትሞታለህ አልኩት። «ሚጡ፣ አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ» ብሎ ጸጉሬን አሻሸ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሮጥኩ። ወንበሩ በይፋ የሚታይበት የትርኢት ቀን ቀርቦ ነበር፤ ከየመሥሪያ ቤቱ እንግዶች መጥተው ከመድረኩ ላይ ቆመው ሲያዩ፣ ጀልባው የወደቡን አፍ በሙሉ ጋዝ እንዲያቋርጥ ታዟል። ስንጥቁን፣ ቁጥሮቹን፣ የወንድሜን እጅ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንግዶች ፊት ሰው ሊሞት ይችላል አልኳቸው። ድሮ ቢሆን ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ውሃ በጠየቁ ነበር። ጥፍራቸውን እፍ ብለው፣ «ችግር የለም» አሉኝ። ዓይናቸውን ተመለከትኩት፤ በእርግጥም ምንም ችግር አልነበረበትም። ጀልባውን ጠጋኞቹ ጠገኑት፣ ቀለም ቀቡት፣ አለቀ።

ሚስቱ ጋ ሄድኩ። አትልቀቂው አልኳት። በር ቆልፋበት እንደነበር፣ እሱም አንድ ቃል ሳይናገር በመስኮት ወጥቶ ሥራ እንደገባ ነገረችኝ። ስቅታውን ከግድግዳ ማዶ እየሰማች ነው የምትተኛው። «ከእኔ ጋር እያለ እንኳ ከእሱ ጋር ነው» አለችኝ። «ሊወስደው ነው የሚጠራው። አንቺ ማሽን ታውቂ የለ፣ የሆነ ነገር አድርጊ።»

ማሽን አውቃለሁ። ቫልቭ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ትቼ የመዝገበ ቃላትን ትርጉም አመንኩ፤ ቫልቩ ሲዘጋ የማይመለስ ድንጋጤ ሲከፈት ይመለሳል። በትርኢቱ ቀን ማለዳ፣ እንግዶቹ የክብር ወንበራቸውን ሲመርጡ፣ እኔ ጀልባው ውስጥ ተንበርክኬ በካቻቢቴ የመልሱን ቫልቭ እስከ መጨረሻው ፈታሁት። ሲሊንደሩ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። የማን ትንፋሽ እንደሆነ አላወቅኩም፤ ስንት ሰው ነው የተቀመጠበት።

ጋሼ መጥቶ ቀበቶውን አሰረ፣ የአቶ አሸዋንም ቀበቶ ፈትሾ አጠበቀለት። ስቅ አለው። «መጣሁ በቃ» አለ፣ ለእኔ አልነበረም። ወጣን።

የመጀመሪያው ማዕበል ላይ ወንበሩ ሰመጠና ጋሼን ሽቅብ አፈናጠረው። ጋሼ እግሮቹን ሰብስቦ ከሥሩ ያለውን ወለል አየ። «እዚህ ጀልባ ውስጥ ውሻ አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። በሁለተኛው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና፣ ስልክ ይጮሃል፣ ለምን አታነሱትም፣ ከላይ ይሆናል እኮ አለ፤ ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ሳቄና ልቅሶዬ ተቀላቀሉብኝ። የአይጡም፣ የመዝገበ ቃላት ሚስትም ድርሻ በላዩ ላይ ሲያልፍ አየሁ፤ ኪሱን ደባበሰ፣ ፊቱን ሸፈነ፣ ይቅርታ ጠየቀ። እጁ ግን ከጋዙ ላይ አልተነሳም። ይሄ ሁሉ የሰው ድንጋጤ ነው፤ የሱ አልደረሰም። ከፊታችን የወደቡ አፍ ተከፍቷል፣ ከኋላው ደግሞ ያን ቀን ካየናቸው ሁሉ የሚበልጠው ማዕበል እንደ ግድግዳ ይነሳል። ከእግሬ ሥር ጥገናው መጮህ ጀመረ።

«ጋሼ» አልኩት። አልሰማኝም፤ ወደ ጎኑ ዞሮ እየሳቀ ነበር።

ወንበሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሰመጠ። ውስጡ የቀረውን ሁሉ ይዞ ሲነሳ የጋሼ ሳቅ መሐሉ ላይ ተቆረጠ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እጁ ከጋዙ ላይ በረረ። ጀልባው አፍንጫውን ጥሎ ቀስ አለ፤ ማዕበሉ ከሥራችን ገብቶ አነሳን፣ ትንሽ ያዘን፣ አስቀመጠን። ሞተሩ ያጉረመርማል። ሌላ ድምፅ የለም፤ ስቅታም የለም። ጋሼ ሁለት እጆቹን አየር ላይ እንደያዘ፣ ወደ ጎን ለመዞር እየፈራ፣ ፊት ለፊት ያያል።

«ሚጡ፣ አጠገቤ ያለው ማነው?»

«አቶ አሸዋ ነው፣ ጋሼ።»

«አሸዋ ብቻ?»

«አሸዋ ብቻ።»

ቀስ ብሎ ዞሮ አየው። የቱታው ስፌት ተተርትሮ አሸዋው በወንበሩ ጠርዝ ይፈስሳል። ጋሼ በመዳፉ ተቀበለው፤ በጣቶቹ መሐል ወረደ። «አሁን እኮ እያወራኝ ነበር» አለኝ። ቀጭኑ ከሞተ ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ያለቀሰውም ሬሳ አጠገብ እንደተቀመጠ ሰው፣ ሰውነቱን ወደ ጀልባው ጥግ አሽሽቶ ነው።

የሄድንበትን መንገድ በዳክዬ ፍጥነት ተመለስን። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሥራ አስኪያጁ ከመድረኩ ጫፍ ጎንበስ ብለው ለምን እንደተመለስን ጠየቁ።

«ፈራሁ» አለ ጋሼ።

ከመሥሪያ ቤታችን ይህ ቃል ከጠፋ ስለሰነበተ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ሥራ አስኪያጁ ቅር ሳይላቸው፣ ወንበሩ ፈተናውን ወድቋል ብዬ እንድመዘግብ አዘዙኝ። መዘገብኩ። መዝገበ ቃላት ለእንግዶቹ ምን ብሎ እንደተረጎመላቸው አላውቅም፤ አጨበጨቡ።

ወደ ቤቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። በመንገዱ የውሃውን ወገን ትቶ በግድግዳው በኩል ይሄዳል። ዘበኛው በሩ ላይ ሲሰናበተን፣ አንድ ቡችላ ሲያልፍ፣ ከአንድ ቢሮ ስልክ ሲጮህ፣ በእያንዳንዱ ይቆማል፤ የሱ ያልሆነውም ሁሉ እሱ ዘንድ ቀርቷል። ባለቤቶቹ አልመጡም። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ሳያየኝ፣ «የመለስሽብኝ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እሱንስ የት አደረግሽው?»

ድሮ የሚያሻግረኝ እሱ ነበር፤ መኪና በሌለበት መንገድ ዳር ቆምን፣ እጅጌዬን ያዘኝ፣ ግራ ቀኝ አይቼ አሻገርኩት። ማዶ ሚስቱ በሩን ከፍታ ቆማለች። እጅጌዬን ሳይለቅ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ፣ ወደ ውሃው ዞረ። ጆሮውን ሰጠ። ከዚያ ፈጠን ብሎ ወደ ቤት ገባ።